ውክልና፦ በሰው እጅ የሚሰጥ ፊርማ

«ለወንድሜ ጠቅላላ ውክልና ሰጥቼዋለሁ፤ ቤቴን ሊሸጥብኝ ይችላል?» ጅዳና ዋሽንግተን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ይጠይቃሉ፤ አዲስ አበባ ያለውም ይጠይቃል። መልሱ ያለው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ነው።

በሕጉ ዓይን ውክልና ውል ነው። ወኪሉ በወካዩ ስም ሕጋዊ ተግባር ሊፈጽም ይስማማል። በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ግን የሚፈቅደው የአስተዳደር ሥራን ብቻ ነው፦ ንብረት መጠበቅና ማደስ፣ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፣ ዕዳ መሰብሰብና መክፈል። ቤት መሸጥ ወይም በመያዣ ማስያዝ፣ ስጦታ ማድረግ፣ በክርክር መታረቅ፣ ከሳሽ ወይም ተከሳሽ ሆኖ ፍርድ ቤት መቆም፣ እነዚህ ሁሉ ልዩ ውክልና ይፈልጋሉ። ቁጥር 2204ንና 2205ን ያነበበ ያገኘዋል።

ታዲያ ወንድምየው አይሸጥም ማለት ነው? እንደ ወረቀቱ ነው። ከላይ «ጠቅላላ ውክልና» የሚል ርዕስ ኖሮት ውስጡ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ» የሚል ቃል የሰፈረበት ሰነድ ለሽያጭ ሥልጣን ይሰጣል። ብዙዎች ኪራይ ብቻ እንዲሰበሰብላቸው ፈልገው፣ በተዘጋጀ ቅጽ ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ ቤታቸውን አሳልፈው የሚሰጡት በዚህች ሐረግ ነው። እጅግ ያሳዝናል፤ ሐረጓን ማሰረዝ የወካዩ ሙሉ መብት ነበርና።

ሰነዱን ሕዝቡ «ውልና ማስረጃ» በሚለው መሥሪያ ቤት ማረጋገጥ ግዴታ ነው፤ ሥራው የሚመራውም በአዋጅ ቁጥር 922/2008 ነው። ውጭ አገር ያለ ሰው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ይፈርማል፤ ሰነዱ አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ያልፋል። ቤቱ የባልና ሚስት የጋራ ከሆነ የአንዱ ውክልና ብቻ አይበቃም። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል።

ነጋዴውም ከጠቅላላና ከልዩ ውክልና ልዩነት አያመልጥም። የድርጅቱን ኪራይ የሚሰበስብ ሠራተኛ በዚያው ወረቀት ድርጅቱን ወክሎ ክስ መመሥረት አይችልም።

ወካዩ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል። ሌላ ስምምነት ከሌለ ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል፤ ስለዚህ በሟች ውክልና የሚሸጥ ቤት ሲገጥምዎ ይጠንቀቁ። ወኪሉ ንብረቱን ከራሱ ጋር ተዋውሎ ለራሱ ካደረገውም ወካዩ ውሉ እንዲፈርስ የመጠየቅ መብት አለው።

መሻርን ለወኪሉ በስልክ መንገር ግን አይበቃም። ወረቀቱ እጁ ላይ እስካለ ድረስ ሌላ ሰው አምኖት ሊዋዋል ይችላል፤ መዘዙም ወደ ወካዩ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ መሻሪያውን በጽሑፍ አድርገው ውክልናው በተመዘገበበት ቦታ ያስመዝግቡ፣ ዋናውን ሰነድ መልሰው ይቀበሉ፣ ወኪሉ ይሄድባቸው ለነበሩት ባንክና መሥሪያ ቤቶችም ያሳውቁ።