እንግዳ በሐይቅ ዳር፦ አሳው የት ነው?

ባለፈው ኅዳር ወር፣ በውጭ አገር አብረውን የተማሩ አንድ የሰሜን አውሮፓ ሰው እንግዳችን ሆነው መጥተው ነበር። ያረፉት ለአውሮፕላን ማረፊያው ይቀርባል ተብሎ ኢምፔሪያል አካባቢ ነው። ሻንጣቸውን ሲከፍቱ ከልብሳቸው መካከል ተጣጥፎ የተቀመጠ የአሳ ማጥመጃ ዘንግ ወጣ። «በዚህ አቅራቢያ አሳ የሚጠመደው የት ነው?» ሲሉም ጠየቁን። በኢምፔሪያል አደባባይ ለዓመታት የተመላለስን ሰዎች መልስ አጣን። ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጽሑፍ ያንን እፍረት ለማቃለል የተደረገ ጥረት ነው።

በማያውቁት አገር ማስገሪያ የሚፈልግ ሰው ፍለጋውን ከገበታው ቢጀምር ይቀለዋል። ወደ ገርጂ በሚወስደው መንገድ ካለ አንድ ምግብ ቤት ገብተን የአሳ ጥብስ አዘዝንና አሳው ከየት እንደመጣ ጠየቅን። «ከዝዋይ ነው፤ አንዳንዴም ከቆቃ» አለን አስተናጋጁ። አቅጣጫው በዚህ ታወቀ፤ መንገዱ በስምጥ ሸለቆው በኩል ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው። ቅርብ ያለው ውሃ ግን ለመንጠቆ አይሆንም። በቦሌ በኩል የሚወርዱት ወንዞች የከተማውን ፍሳሽ ተሸክመው ወደ ትልቁ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ። ስለዚህ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ቢሾፍቱ ለመሄድ ተስማማን።

የቢሾፍቱ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተፈጠሩ ጉድጓዶች ውስጥ የተኙ ናቸው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተደረገው ልኬት መሠረት የቢሾፍቱ ሐይቅ 87 ሜትር፣ ባቦጋያ 65 ሜትር፣ ሆራ ደግሞ 38 ሜትር ያህል ጥልቀት አላቸው። እንግዳችን ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ። በአገራቸው በበጋ ትልልቁ አሳ የሚሸሸገው ከቀዝቃዛውና ከጥልቁ ውሃ ነውና። እኛም የፊዚክስ መምህራን ነን ብለን ሐሳባቸውን ደገፍን። አሳቡ ግን ስሕተት ነበር።

በባቦጋያ ዳር (ዙሪያው በአብዛኛው በመዝናኛዎችና በግል ቅጥሮች የታጠረ ስለሆነ ለመግባት አስቀድሞ ማስፈቀድ ይበጃል) ጀልባ ተከራይተን ወደ መካከል ዘለቅን። ክሩን 30 ሜትር ያህል አወረድን። ከማለዳ እስከ አምስት ሰዓት አንድም ነገር አልነካንም። በዚህ መካከል መረቡን ሲሰበስብ የቆየ ወጣት አስጋሪ ጀልባውን አስጠግቶ፣ «ጋሼ፣ ከታች ምን ፈልጋችሁ ነው? እዚያ እኮ አሳ አይኖርም። ቆሮሶ ከዳር ነው» አለን። ምክንያቱን ስንጠይቀው፣ ጥልቁን የነካ መረብ የተበላሸ እንቁላል እንደሚሸት ነገረን።

ሽታው የሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። ይህ ጋዝ ኦክስጅን ባለበት ውሃ ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ መኖሩ ከታች ያለው ውሃ ኦክስጅን እንዳለቀበት ያመለክታል። ለምን አለቀ? መልሱ በውሃ እፍግታ፣ ማለትም በአንድ ሜትር ኩብ ውሃ ክብደት ላይ ነው። የ4 እና የ6 ዲግሪ ውሃ የእፍግታ ልዩነት በሜትር ኩብ 30 ግራም ገደማ ነው። የ22 እና የ24 ዲግሪ ውሃ ልዩነት ግን 470 ግራም ያህል ይሆናል። በሁለቱም ጥንዶች የሙቀቱ ልዩነት ሁለት ዲግሪ ሆኖ ሳለ፣ በሞቃታማው ሐይቅ ሁለቱ ንብርብሮች እንዳይቀላቀሉ የሚያግደው ኃይል ወደ አሥራ አምስት እጥፍ ይጠጋል። ላዩን ፀሐይ በጥቂቱ ካሞቀችው ከታችኛው ይለያል፤ በጉድጓዱ ግድግዳ የተከለለው ነፋስም ሊያማስለው አይችልም። ከላይ የሚሰጥመው ብስባሽ የታችኛውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ የሚተካው የለም። ለእንግዳችን ጥልቁ መጠለያ መስሏቸው ነበር፤ ለቆሮሶው ግን አየር የሌለው ምድር ቤት ነው።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። በ22 ዲግሪ ሙቀት፣ በባሕር ወለል ከፍታ አንድ ሊትር ውሃ 8.7 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ሐይቆቹ በሚገኙበት ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ግን የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ወደ 7 ሚሊግራም ይወርዳል። አሳው የሚኖረው በስስ ሽፋን ውስጥ፣ ያውም ከባሕር ዳርቻው ባነሰ ኦክስጅን ነው ማለት ነው።

ወጣቱ የነገረን ሌላም ነገር አለ። በአንዳንድ ዓመታት፣ ብርዱ ሲጠና ውሃው «ይገለበጣል»፤ አሳውም ሞቶ ይንሳፈፋል። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ስለሚል ሌሊት ሙቀት ወደ ጠፈር ይጨረራል፤ አየሩም ደረቅ ስለሆነ ትነቱ ይበረታል። የቀዘቀዘው የላይ ውሃ እየከበደ ይሰጥማል፤ ሌሊት በሌሊት ቅልቅሉ ይጠልቃል። የላዩና የታቹ ሙቀት ሲቀራረብ ሐይቁ ይደባለቅና ኦክስጅን አልባው ውሃ ወደ ላይ ይወጣል። ይህንን የሙቀት ሥርዓት ባክስተር፣ ፕሮሰር፣ ታሊንግና ዉድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ጥናት አብራርተውታል፤ ከነርሱም በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩ ይገኙበታል። ግኝቱ ከቤታችን የወጣ ሆኖ ሳለ ከአንድ ወጣት አስጋሪ አፍ እስክንሰማው ድረስ ትዝ አላለንም። ለአስጋሪው ግን ነገሩ የገቢ ጉዳይ ነው፤ አንድ መጥፎ ሌሊት የወራት ምርቱን ይወስድበታል።

ከዚያ በኋላ ጥበባችን ቀላል ሆነ። ከቤታችን ወጥ ቤት ያለ ፈቃድ ያመጣነውን ነጭ የብረት ሳህን በገመድ አስረን ወደ ውሃው አወረድን። ሳህኑ ከዓይን ከሚሰወርበት ጥልቀት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ድረስ ለዋቅላሚዎች የሚበቃ ብርሃን ይደርሳል። በቀን ኦክስጅን የሚያመርቱት እነርሱ ናቸው፤ ቆሮሶም የሚመገበው ከነርሱ ነው። ስለዚህ ክሩን ከዚያ በታች ማውረድ ድካም ነው። አንድ ነገር እንጨምር፦ ወጣቱ ሲያሰግር ይቀመጣል፤ እኛ ቆመን ነበር። በብርሃን ስብረት ሳቢያ አሳው ከውሃው በላይ ያለውን ዓለም ሁሉ 97 ዲግሪ ገደማ በሚሰፋ ክብ መስኮት ያየዋል። የቆመ ሰው በመስኮቱ ውስጥ ጎልቶ ይታያል፤ የተቀመጠ ሰው ግን ከጠርዙ ተጨፍልቆ ከሣሩ ጋር ይመሳሰላል።

በማግሥቱ ወደ ባቱ፣ ወደ ዝዋይ ሐይቅ አመራን። የዝዋይ አማካይ ጥልቀት 2.5 ሜትር ያህል ብቻ ነው። የሜዳው ነፋስ እስከ ወለሉ ድረስ ስለሚያማስለው ኦክስጅን በየቦታው አለ። እዚያ ሳህንም አያስፈልግም፤ አባ ኮዳዎች የተሰበሰቡበትን ዳር ማየት ይበቃል፤ ጀልባዎቹ አሳ የሚያራግፉት በዚያ ነውና። ጉማሬ ስላለ ግን ጎሕ ሳይቀድና ከመሸ በኋላ ከዳሩ መራቅ ይገባል። አዋጅ ቁጥር 315/1995 ለገበያ የሚያሰግር ሰው ፈቃድ እንዲኖረው ያዛል፤ ለመዝናናት የመጣም ቢሆን የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ቢጠይቅ አይጎዳም።

ከመንገድ ላይ የሚገኘውን ቆቃን ግን በዓይን ብቻ ተሰናብተነው አለፍን። እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው ይህ ግድብ የሞጆ ወንዝ የሚያመጣው የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ይገባበታል፤ ማይክሮሲስቲስ የተባለው ሳይኖባክቴሪያም በየጊዜው ይባዛበታል። ውሃው እንደ ቀለም አረንጓዴ ሆኖ ከታየ መጠጣትም ከዚያ የተያዘውን መብላትም መተው ነው። ማይክሮሲስቲን የተባለው መርዝ በማፍላትም ሆነ በመጥበስ አይጠፋም። ዘንግ ይዞ የሚመጣ እንግዳ ይህን ካልተነገረው ከየት ያውቃል?

እንግዳችን በባቱ መዳፍ የሚያክል አንድ ቆሮሶ ያዙ፤ ወዲያውም መልሰው ለቀቁት። ዘንጉን ሲመለሱ ባቦጋያ ላይ ለዚያ ወጣት ሰጡት። ሳህኑ ግን የገመዱ ቋጠሮ ላልቶ ኖሮ፣ በመጨረሻው ልኬታችን ላይ ወደ 65 ሜትሩ ወርዶ ቀርቷል።