ቤት ድረስ የሚሄድ አገልግሎት

ቅዳሜ ጠዋት በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ ደብተር ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚያቀኑ ልጆች ካያችሁ፣ ሰፈሩ «የፕሮጀክት ልጆች» ይላቸዋል። ቤተ ክርስቲያን የደሃ ቤተሰብ ልጆችን ትመዘግባለች፣ ስፖንሰር ይገኝላቸዋል፣ የትምህርትና የሕክምና ወጪ ይሸፈናል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል።

አገልጋዮቹ «ሁለንተናዊ» የሚሉት አሠራር መነሻው የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ቁጥር 52 ነው። እዚያ ስለ ጌታ ልጅነት ሲነገር አእምሮ፣ አካል፣ ከአምላክና ከሰው ጋር ያለ ግንኙነት አብረው ያድጋሉ። በዚህ መንገድ ከሚሠሩት መካከል ስሙ የገነነው ኮምፓሽን የተባለው ድርጅት በ1952 እ.ኤ.አ. ኤቨረት ስዋንሰን የተባሉ ሰባኪ ለኮርያ ጦርነት ወላጅ አልባ ልጆች የጀመሩት ነው፤ ኢትዮጵያ የገባው በ1993 እ.ኤ.አ. ሲሆን የሚሠራውም በአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት በኩል ነው።

እኔን የሚቆጨኝ «ዘንድሮ ምን ሰጡ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ዘይቱ፣ ብርድ ልብሱና ደብተሩ ይቆጠራሉ፤ ሠራተኞቹ የሚያደርጉት የቤት ለቤት ጉብኝት ግን ከቁም ነገር አይገባም። ለእኔ ግን የሥራው እምብርት እሱ ነው።

ቡራዩ ውስጥ አንዲት የፕሮጀክት ሠራተኛን ተከትዬ አንድ የጭቃ ቤት ገብቼ ነበር። ቅዳሜ ትቀር የነበረች ልጅ ቤት ነው። ሠራተኛዋ ስለ መቅረቷ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ተቀመጠች፣ ቡናውን ጠጣች፣ ስለ ጤና ጠየቀች። ዓይኗ ግን ሥራ ላይ ነበር፦ ልጅቷ የት ትተኛለች? ደብተሯ የት ይቀመጣል? ውኃ የሚቀዳው ማን ነው? ቆይቶ እናትየው ራሷ ተናገረች፤ «እህቴ፣ እኔ ሳይነጋ ለቀን ሥራ እወጣለሁ፣ ሕፃኑን ለማን ልተወው?» ልጅቷ የቀረችው ወንድሟን አዝላ ነው። መዝገቡ ላይ «ትቀራለች» ተብሎ የተጻፈው እዚህ ቤት ውስጥ ሌላ ነገር ሆኖ ተገኘ። መፍትሔውም ምክር አልነበረም፤ ሕፃኑን ቅዳሜ የምትይዝ ጎረቤት ከቤተ ክርስቲያኗ ምእመናን መካከል ተፈለገች። ይህን ከቢሮ ሆኖ ማየት አይቻልም። በሰበታ አካባቢ የአበባ እርሻ ውስጥ የሚሠሩ እናቶች ቤትም ቢኬድ ጥያቄው ይኸው ነው፦ እናት ሳይነጋ ስትወጣ ለልጁ ቁርስ የሚሰጠው ማን ነው?

ስለዚህ በር ላይ ቆመው ፎርም ሞልተው፣ ፎቶ አንስተው የሚሄዱትን እባካችሁ ተዉ እላለሁ። ያ ጉብኝት አይባልም፤ እናትንም በጎረቤት ፊት ያሳፍራል። የተራበ ልጅን ቁጭ አድርጎ ጥቅስ ብቻ ማስጠናትም ሆነ አብልቶ ስሙን እንኳ ሳያውቁ ማሰናበት ከዚያች የሉቃስ ቁጥር ግማሹን መቁረጥ ነው።

የሌላ ሰውን ልጅ እንደ ራስ የመንከባከብ ልማድ ከውጭ የመጣ ብቻ አይደለም። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1980 እ.ኤ.አ. ወደ ግሸን ማርያም ተጉዘው በረሃብ ወላጅ ያጡ ሁለት ልጆችን ይዘው የተመለሱት ወደ ገዛ ቤታቸው ነበር። ኦሮሞም ከጥንት ጀምሮ ጉዲፈቻ አለው። አገሪቱ በ2010 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻን በሕግ ከከለከለች ወዲህ ደግሞ ልጅ በቤተሰቡና በሰፈሩ እንዲያድግ የሚደግፍ ሥራ ይበልጥ ያስፈልጋል።

አሁን የሚያስቸግረው የቤት ኪራይ ነው። ኪራይ ሲጨምር ቤተሰቡ ወደ ረከሰበት ይሄዳል፤ ልጁም ከመዝገብ ይሰረዛል። ሦስቱ ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ አብያተ ክርስቲያናቱ ግን ገና እንደ ሩቅ አገር ሰው ናቸው። በየአጥቢያው የምታገለግሉ ወንድሞችና እህቶች፣ ልጁን «ለቀቀ» ብላችሁ ከመሰረዛችሁ በፊት ወዴት እንደ ሄደ ጠይቁ፤ እዚያ ላለው ቤተ ክርስቲያንም ደውሉ።