ስለ ሱቅ ሒሳብ ፕሮግራምና ስለ ሁለቱ ዘመን አቈጣጠሮች

በደብረ ወርቅ የሚነግድ ባለሱቅ ዱቤውንና የቤት ኪራዩን ቀን የሚጽፈው በእኛ ዘመን አቈጣጠር ነው። ከውጭ አገር የመጣው ዕቃ የሚያበቃበት ቀን ግን በካርቶኑ ላይ ታትሞ የሚገኘው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው። ስለዚህ ሒሳብ የሚይዝ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሁሉ አንዱን ቀን ወደ ሌላው መመለስ ግዴታው ነው። ይህንንም ሥራ ፕሮግራም ሠሪው ወይ ራሱ ይጽፈዋል፤ ወይም ሌሎች ጽፈውና ፈትነው ለሁሉ ያቀረቡትን ዝግጁ ክፍል፥ ባለሙያዎች ላይብረሪ የሚሉትን፥ ይወስዳል።

ራሱ የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ መስከረም 1 ቀን ዘወትር በሴፕቴምበር 11 ይውላል ብሎ ይነሣል። ነገር ግን ጳጉሜን በየ4 ዓመቱ 6 ቀን ስለምትሆን፥ ቀጥሎ የሚመጣው መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 ይውላል። የ2016 ዓ.ም. እንዲህ ነበር፤ በዚያ ዓመት ገናን በታኅሣሥ 28 ያከበረ ሁሉ ያስታውሰዋል። በጃንዋሪ 10 ቀን 2024 የሚያበቃ ሌተር ኦፍ ክሬዲት የያዘ ላኪ ይህን የመሰለውን ፕሮግራም ቢጠይቀው ጥር 2 ነው ይለዋል፤ እውነተኛው ቀን ግን ጥር 1 ነበር። ላኪው ሰነዱን በጥር 2 ወደ ባንክ ይዞ ቢሄድ ጊዜው ትናንት አልፎበታል። ፈረንጆች ፌብሩዋሪ 29ን ከጨመሩ በኋላ ደግሞ ስሕተቱ 3 ዓመት ተኩል ያህል ይሰወራል፤ በዚህ መካከል ፕሮግራሙን የፈተነ ገዢ ደኅና ሆኖ ያገኘዋል።

እንግዲህ ዝግጁውን መውሰድ ይሻላል፤ ቢሆንም የትኛውን ብሎ መጠየቅ ይገባል። ጃቫ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቀን ላይብረሪ የጃፓንን፥ የታይላንድን፥ የታይዋንንና የሒጅራን አቈጣጠር ሲያውቅ የእኛን አያውቅም። አይሲዩ የተባለው ላይብረሪ ግን 13ቱን ወሮቻችንን ይዟል፤ ያለ ዋጋ ይገኛል፤ በዊንዶውስም፥ በሊኑክስም፥ በእጅ ስልክም ይሠራል። ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ በመጣ ክፍል ብቻ መታመንም ያሰጋል። መረጃዎችን በተራ የሚያሰልፈው፥ ከቢኤስዲ የተወረሰው ክፍል በሊኑክስም አለ፤ ይሁን እንጂ በዚያኛው ካሉት ትእዛዞች አንዳንዶቹ በዚህኛው ይጐድላሉ። ልምድ ያላቸው ሠሪዎች ስለዚህ የተፈተነውን ክፍል ቅጂ ከፕሮግራማቸው ጋር ያጓጉዛሉ እንጂ አዲስ አይጽፉም።

የገበያችንን የቁና ልክና የየደንበኛውን የዱቤ ውል ግን የትም አገር ላይብረሪ አያውቀውም፤ ያንን ሠሪው ራሱ ይጻፈው።

ፕሮግራም የሚገዛ ነጋዴ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023ን አስገብቶ መስከረም 1 ቀን 2016 መውጣቱን ይይ፤ ቀጥሎም ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ዓ.ም. በሆነ ቀን ሽያጭ ለመመዝገብ ይሞክር።