«ከኮሌስትሮል ነፃ» ማለት ለልብ ተስማሚ ማለት ነውን?



ውድ እህት ወንድሞች፤ ከሱቅ የፓልም ዘይት ስንገዛ ብዙ ጊዜ ዕቃው ላይ «ከኮሌስትሮል ነፃ» የሚል ጽሑፍ እናያለን። ጽሑፉ ውሸት አይደለም። ኮሌስትሮል የሚገኘው እንደ ሥጋ፣ እንቁላልና ቅቤ ባሉ የእንስሳት ምግቦች ውስጥ ነው፤ ፓልም ደግሞ የተክል ፍሬ ነው። ነገር ግን ጽሑፉ ዋናውን ነገር አይነግረንም። የደማችንን ኮሌስትሮል ይበልጥ ከፍ የሚያደርገው በምግቡ ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ሳይሆን ሳቹሬትድ ፋት የሚባለው የቅባት ዓይነት ነው። ፓልም ዘይት ደግሞ በዚህ ቅባት የበለፀገ ነው።

ሳቹሬትድ ፋት ምንድን ነው?

ቅባት በአብዛኛው ከካርቦን ሰንሰለቶች የተሠራ ነው። ሰንሰለቱ መያዝ የሚችለውን ሃይድሮጅን ሁሉ ከያዘ ሳቹሬትድ ይባላል። እንዲህ ያለው ሰንሰለት ቀጥ ያለ ስለሆነ እንደተከመረ ማገዶ ተጠጋግቶ ይደረደራል፤ ስለዚህም በቀላሉ ይረጋል። ቅቤ፣ ጮማና የበግ ላት የሚረጉት ለዚህ ነው። የኑግ፣ የሰሊጥና የሱፍ አበባ ዘይቶች ግን አብዛኛው ሰንሰለታቸው ጎበጥ ያለ በመሆኑ አይጠጋጋም፤ ፈሳሽ እንደሆኑ ይቆያሉ።

በቁጥር ስናየው ከቅቤ ቅባት ውስጥ ከ60 በመቶ በላይ፣ ከፓልም ዘይት ደግሞ ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ነው። በኑግ፣ በሰሊጥና በሱፍ አበባ ዘይት ውስጥ ግን ከአምስት እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። ሕዝባችን ፓልምን «የሚረጋ ዘይት» ማለቱ ትክክል ነው። ሆኖም መርጋቱን ብቻ አይተን መፍረድ አንችልም። ደብረ ብርሃን ላይ የረጋው ዘይት ድሬዳዋ ላይ ፈሳሽ ሊሆን ይችላል፤ ይዘቱ ግን ያው ነው። ስለዚህ ዕቃው ላይ ከምን እንደተሠራ የሚገልጸውን ማንበብ ይሻላል።

በሰውነታችን ውስጥ ምን ያደርጋል?

ሰውነታችን የሚያስፈልገውን ኮሌስትሮል ራሱ ይሠራል። ኮሌስትሮሉ በደም ውስጥ ከሚጓጓዝባቸው መንገዶች አንዱ ኤልዲኤል የሚባለው ቅንጣት ነው። የጉበት ሕዋሳት ይህን ቅንጣት ከደም የሚለቅሙባቸው ተቀባዮች አሏቸው። እነዚህን ተቀባዮች ያገኙት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን በ1985 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ሳቹሬትድ ፋት ስናበዛ የተቀባዮቹ ሥራ ይቀንሳል። ያልተለቀመው ኤልዲኤል በደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ቀስ በቀስም ወደ ደም ሥር ግድግዳ እየገባ ያጠበዋል። የተጠራቀመው አንድ ቀን ሲፈነዳ ደም ይረጋበታል። ይህ በልብ ላይ ሲሆን የልብ ድካም ምት፣ በአንጎል ላይ ሲሆን ስትሮክ ያስከትላል።

«እኛ ገና ወጣቶች ነን» የሚል ይኖር ይሆናል። በኮሪያ ጦርነት የሞቱ 300 አሜሪካውያን ወታደሮች ልብ ተመርምሮ ውጤቱ በ1953 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። አማካይ ዕድሜያቸው 22 ዓመት ነበር፤ የአብዛኛው የኛ ዕድሜ ማለት ነው። ከአራቱ በሦስቱ ገደማ ላይ የልብ ደም ሥር በሽታ ምልክት ተገኝቷል። አንዳቸውም ግን በልብ ሕመም የሞቱ አልነበሩም። በሽታው የሚታየው በ50 ዓመት ሊሆን ይችላል፤ የሚጀምረው ግን ቀደም ብሎ ነው።

«ቅቤ ምንም አያደርግም» የሚባለውስ?

ይህን የሚሉ ሰዎች የሚያነሱት እውነት አለ። ቅባት ቀንሶ በምትኩ ነጭ ዳቦ፣ ስኳርና ለስላሳ መጠጥ ያበዛ ሰው ለልቡ ያተረፈው ነገር የለም። ወሳኙ ጥያቄ «በምን ተካነው?» የሚለው ነው። በ2020 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ከ50,000 በላይ ሰዎችን የያዙ ጥናቶች ግምገማ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ሳቹሬትድ ፋት መቀነስ የልብና የደም ሥር ችግሮችን በ17 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በጥናቶቹ ጊዜ ውስጥ በሟቾች ቁጥር ላይ ግን ጎላ ያለ ለውጥ አልታየም። ጥቅሙ የሚገኘው በዓመታት ነው።

መጠኑ ስንት ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት ከቀን ጉልበታችን ከሳቹሬትድ ፋት የሚመጣው ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ይህ 22 ግራም ገደማ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ፓልም ዘይት 7 ግራም ያህል፣ አንድ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ 8 ግራም ያህል ሳቹሬትድ ፋት አለው። ስለዚህ ሦስት ማንኪያ የቀኑን ድርሻ ይሞላል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

የኑግና የሱፍ አበባ ዘይት ዋጋ ለተማሪ ኪስ እንደሚከብድ እናውቃለን። ብዙው መፍትሔ ግን ወጪ አይጠይቅም፤

• ከጊቢ በር ላይ ቦንቦሊኖና ችፕስ በየቀኑ ከመግዛት ቆሎ፣ ንፍሮ ወይም የተቀቀለ ድንች መምረጥ።

• በኢፍጧር ላይ ሳምቡሳን አንድ ወይም ሁለት አድርጎ፣ ሆድን በተምር፣ በሾርባና በምስር መሙላት። ሳምቡሳው ላይ ሰሃን ሙሉ መጨመሩ ልማድ እንጂ የኢፍጧር መስፈርት አይደለም።

• ቅቤን ለማጣፈጫ ያህል መጠቀም። ጨጨብሳና ጭኮ የዘወትር ሳይሆን የአልፎ አልፎ ምግብ ይሁኑልን።

• ከሥጋው ላይ ጮማውን መቀነስ፤ ሽሮ፣ ምስርና ባቄላን ማዘውተር።

በተለይ ለጀመዓው ኢፍጧር ለምታበስሉ እህት ወንድሞች አንድ መልእክት አለን። አንድ ሰው ለራሱ የሚገዛው ዘይት የራሱ ጉዳይ ነው፤ ለጀመዓ የሚገዛ ጀሪካን ግን የብዙዎች ልብ ነው። በጀቱ ለተሻለ ዘይት ባይበቃ እንኳ ከሚጠበሱት ሁለት ዓይነት ምግቦች አንዱን በተቀቀለ መተካት ይቻላል። የሚተርፈው ዘይት ገንዘብ ለተምርና ለፍራፍሬ ይውላል።

ጤና ከአላህ የተሰጠን አማና ነው። አማናውን የምንጠብቀው ከታመምን በኋላ ብቻ አይደለም፤ ዛሬ ሰሃናችን ላይ በምናስቀምጠውም ነው። አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ!