ጅራታሙ ኮከብ፣ ትንቢቱና የዝናቡ ልክ

የደሴ ልደት ሲተረክ ሰማይ ይነሳል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1875 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በአካባቢው ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አዩ፤ በጎ ምልክት ነው ብለው ቦታውን ከተማ አደረጉት፤ ስሙንም ደሴ አሉት ይባላል። ኮከቡ ራሱ የፈጠራ ወሬ አይደለም። በዚያ መስከረም በዓለም ዙሪያ ታይቷል፤ ፀሐይን ታክኮ ባለፈበት ቀን በጠራራ ፀሐይ ጭምር በዓይን ይለይ ነበር፤ ካለፈ በኋላም አስኳሉ ተሰነጣጠቀ። በዚያው ሰሞን ደቡብ አፍሪካ ኬፕ ላይ ዴቪድ ጊል የተባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ ፎቶግራፍ አስነሳው። ሥዕሉ ሲታጠብ ከጅራቱ ኋላ ያልታሰቡ ብዙ ከዋክብት ተቀርጸው ስለተገኙ ጊል የደቡቡን ሰማይ በፎቶግራፍ መመዝገብ ጀመረ። ያንኑ ብርሃን አንዱ ለመጪው ጊዜ ምልክት አደረገው፤ ሌላው ለካው። በትንቢትና በጠፈር ሳይንስ ዙሪያ እስከ ዛሬ የምንከራከረው በእነዚህ ሁለት አያያዞች ልዩነት ላይ ነው።

ምልክቱ በእርግጥ ምን ተናገረ? በጎ ዘመን ይመጣል ከሆነ፣ ሰባት ዓመት ሳይሞላ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ መተማ ላይ ወደቁ፤ በዚያው ዘመን የከብት እልቂት፣ ድርቅና ተምች ተደራርበው ሕዝቡ «ክፉ ቀን» ብሎ የሚጠራውን ረኀብ አመጡ። ኮከቡ መቅሠፍት ያመለክታል ያለ ሰው ቢኖር ኖሮ ዛሬ ነቢይ ይባል ነበር። ከዚያም በላይ፣ ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ሲገደድ የነበረ የወሎ ሙስሊም ያንኑ ኮከብ ቀና ብሎ ሲያይ ደስታ ይታየው እንደነበር ማን ይናገራል? ለደስታም ለመከራም፣ ለገዢም ለተገዢም እኩል የሚመች ምልክት ስለ ነገ የሚናገረው ነገር የለም፤ የተመልካቹን ልብ ብቻ ያሳያል።

ወሎ ውስጥ ትንቢት ሲነሳ ቀድመው የሚጠቀሱት ሼህ ሁሴን ጅብሪል ናቸው። ስለ ነገሥታት መውጣትና መውረድ፣ ስለሚመጣው ጦርና ስለ ዘመን መለወጥ ተናገሩ የሚባሉት ግጥሞቻቸው በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ዘንድ ይወደዳሉ። እንደ ግጥምም እንደ ዘመን ምስክርም ክብር ይገባቸዋል፤ ይህን የምለው ለማለዘብ ብዬ አይደለም። ጥያቄው ሌላ ነው። ግጥሞቹ ከአፍ ወደ አፍ ሲወርዱ ኖረው ለኅትመት የበቁት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ የትኛው ስንኝ ከነገሩ በፊት፣ የትኛው ከነገሩ በኋላ እንደተባለ የሚለይልን መዝገብ የለም። በቃል የሚተላለፍ ነገር ደግሞ ራሱን ያጠራል፤ የሠመረው ይደጋገማል፣ ያልሠመረው ይረሳል፣ ስም ያልነበረው ስንኝ ስም ይሰጠዋል። ማንም ሳይዋሽ ትንቢቱ ሁሉ የሠመረ መስሎ ይቀራል። ይህን መጠየቅ እምነትን መዳፈር ነው የሚል ወገን አለ። ነገር ግን የሚመጣውን በእርግጥ የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነው የሚለው ትምህርት የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም ነው። ስለዚህ የሰውን ቃል መመርመር ከሁለቱም አይጋጭም።

በመጽሐፈ ሔኖክ ላይም ሳይመረምሩ የመደምደም ጥድፊያ አለ። ሙሉው የተረፈው በግዕዝ መሆኑ እውነተኛ ኩራት ነው፤ ከዚያ ተነስቶ «አባቶቻችን የጠፈርን ምስጢር ጨርሰው ያውቁ ነበር» ማለት ግን መጽሐፉን አለማንበብ ነው። የሰማይ ብርሃናትን የሚተነትነው ክፍል ዕለቱን በ18 ይከፍልና በረጅሙ ቀን 12ቱ ለብርሃን፣ 6ቱ ለጨለማ ይሆናሉ ይላል፤ ቀኑ የሌሊቱን እጥፍ ማለት ነው። ደሴ ላይ ይህን ለመፈተን ሰዓት ብቻ ይበቃል፤ በሰኔ አጋማሽ ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ነው እንጂ 16 ሰዓት አይደርስም። የእጥፉ ስሌት በባቢሎን የሸክላ ጽሑፎችም የሚገኝ ጥንታዊ ቀመር ነው። መጽሐፉ ዕውቀት ከአገር አገር እንዴት እንደተጓዘ የሚያሳይ ብርቅ ሰነድ ነው፤ ያልያዘውን ሲያሸክሙት ያዋርዱታል።

አሁን ልኬት ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ኮምቦልቻ እንውረድ። በከተማዋ ሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ የተጠራቀመው ዝናብ በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በሚሊ ሜትር ተለክቶ ይመዘገባል። ደሴ ከዚያ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ከፍታዋ ግን ከ600 ሜትር በላይ ስለሚበልጥ አንዷ ስትረሰርስ ሌላዋ ደርቃ ልትውል ትችላለች። በመካከል ያለውን የምታየው ሳተላይት ናት፤ የደመናውን ጫፍ ቅዝቃዜ ለክታ የዝናቡን መጠን ትገምታለች። ተራራ ገፍቶት የሚዘንበው ዝናብ ግን ደመናው ብዙም ከፍ ሳይል ስለሚወርድ ሳተላይቷ አሳንሳ ትገምተዋለች፤ ስለዚህ ግምቷ በጣቢያው መለኪያ ይታረማል። ለበልግና ለክረምት የሚወጣው ትንበያም «ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች» ለሚሉት ለእያንዳንዳቸው የመሆን ዕድላቸውን አስቀድሞ በቁጥር ይሰጣል። ወቅቱ ሲያልፍ ቁጥሩ ከዘነበው ጋር ይተያያል። ትንቢት ይህን ፈተና ተቀብሎ አያውቅም።

ትንበያውስ አይሳሳትም ወይ? ይሳሳታል፤ በበልግ የሚያርስ የደቡብ ወሎ ደገኛ ዘሩን አፈር ውስጥ ከትቶ ዝናብ ሲቀርበት ስሕተቱን በጎተራው ይከፍላል። ግን ስሕተቱ የተጻፈ ስለሆነ ሊታረም ይችላል። ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ማወቅ ብቻውን አላዳነንም የሚለው። እውነት ነው። በ1976 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ሚሊዮኖች አደጋ ላይ መሆናቸውን አስታውቆ ነበር፤ መንግሥት ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ሲዘጋጅ፣ ለጋሾችም ሲያመነቱ፣ ወሎ አለቀ። ይህ የሚከሰው ግን ማስጠንቀቂያውን የሰሙትን ነው። እንዲያውም በሳተላይት ጭምር የሚሠራው ዓለም አቀፍ የረኀብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ከዚያ እልቂት በኋላ በ1985 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ።

የጠፈሩ ሥራ ዘገየ የሚሉም አሉ። ሰው ጨረቃን ከረገጠ በኋላ ማርስ ቅርብ መስሎ ነበር፤ ከ1972 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ጨረቃን የረገጠ የለም። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. ተመሥርቶ የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና፣ በአብዛኛው በቻይና ገንዘብ፣ ወጣች። 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን ትንሽ ሳተላይት ናት፤ ዕድሜዋም ሁለት ዓመት ተብሎ የታቀደ ነበር። «አዲስ ዘመን ተከፈተ» ብለው የጮኹላት ሰዎች ራሳቸው ትንቢት ተናገሩ እንጂ ሳይንስ አልተናገሩም፤ በዚህ ላይ ተጠራጣሪዎቹ ልክ ናቸው። ተገቢው ጥያቄ ሥዕሏ የትኛው ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ደረሰ፣ ምን ውሳኔስ ተወሰነበት የሚለው ነው። ከሁሉ በፊት ግን በየዓመቱ የወጣው ትንበያና የዘነበው ልክ ጎን ለጎን ታትመው በየወረዳው ይለጠፉ፤ የደሴ ዙሪያ፣ የቃሉና የተሁለደሬ ገበሬ ምን ያህል ማመን እንዳለበት ራሱ አይቶ ይወስን።