ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል፣ ጨዋታም

የኢንተርኔት ጌም በዝምታ የሚጫወቱት ነገር መሆኑ ከቀረ ሃያ ዓመት አልፎታል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2002 ኤክስቦክስ ላይቭ የተባለውን አገልግሎት ሲጀምር በመነሻው ጥቅል ውስጥ ማይክሮፎን ያለው የጆሮ ማዳመጫ አብሮ ይሸጥ ነበር። በኮምፒውተር የሚጫወቱት ደግሞ በእነዚያው ዓመታት ቲምስፒክና ቬንትሪሎ በተባሉ ፕሮግራሞች ይነጋገሩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ዲስኮርድ መጣ። ዛሬ ቫሎራንትን፣ ካውንተር ስትራይክን ወይም በሞባይሉ ፐብጂን የሚጫወት ወጣት ጨዋታው ገና ሳይጀመር የማያውቃቸው ሰዎች ድምፅ ጆሮው ውስጥ ይገባል። እሱም እንዲናገር ይጠበቃል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የእህቴ ልጅ ቫሎራንት ሲጫወት አጠገቡ ቁጭ ብዬ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አምስት ለአምስት የሚገጥሙበት ጨዋታ ነው። ጠላት በየት በኩል እንደመጣ ከሁሉ ቀድሞ ያየው እሱ ሆኖ ሳለ፣ አፉን ሳይከፍት ጓደኞቹ አንድ በአንድ ሲያልቁ ይመለከታል። “ለምን አትነግራቸውም?” ብለው፣ “ጋሼ፣ ድምፄ ያስቃል፤ እንግሊዝኛዬም ይሰባበራል” አለኝ። አበው “ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል” ሲሉ የቤተ መንግሥቱን ደጅ ጥናት አስበው ይሆናል። አባባሉ ግን ለዚህ ልጅም የተነገረ ይመስላል።

ነገሩን ዓይን አፋርነት ብለን ብቻ ማለፍ አይገባም። እኛ ልጅ ስናሳድግ ትልቅ ሰው ባለበት ዝም ማለትን የጨዋነት ምልክት አድርገን ነው። ከዚያ ላይ ይሉኝታ ይጨመራል፤ ይሉኝታ ደግሞ ስሙ እንደሚናገረው “ምን ይሉኝ ይሆን?” ማለት ነው። ይሁን እንጂ ሰው ስለ እኛ የሚለው ከምንፈራው ያነሰ ነው። በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ የሚያሳፍር ቲሸርት የለበሱ ተማሪዎችን ሌሎች ወደተቀመጡበት ክፍል አስገብተው ነበር። የለበሱት ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ ሰው እንዳስተዋላቸው ገመቱ። በትክክል ያስተዋለው ግን ከሩብ በታች ነበር። በጨዋታ ውስጥ ያሉትም ሰዎች ዓይናቸው ጠላት ላይ እንጂ የእናንተ አነጋገር ላይ አይደለም።

“ድምፄን እጠላዋለሁ” ለሚሉትም መልስ አለ። ስንናገር የራሳችንን ድምፅ የምንሰማው በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅላችን አጥንት በኩልም ነው፤ አጥንት ደግሞ ወፍራሙን የድምፅ ክፍል አጉልቶ ያደርሳል። ተቀርጾ ስንሰማው ይህ ይጎድልና የሌላ ሰው ይመስለናል። የሚያውቁን ሰዎች ግን ሁልጊዜም የሚሰሙት ያንኑ ነው፤ ማንም አይደነግጥበትም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ጆሴፍ ዎልፒ የተባለው የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ያስተማረው፣ ፍርሃትን ከትንሹ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መላመድን ነው። ለጨዋታ ሲተረጎም እንዲህ ይሆናል። በመጀመሪያ ማይክራችሁን ብቻችሁን ሞክሩት፤ ዲስኮርድ ራሳችሁን የምትሰሙበት መሞከሪያ አለው። ቀጥሎ ከአንድ የአክስት ልጅ ወይም የሰፈር ጓደኛ ጋር ሁለት ሆናችሁ ተጫወቱ። ከማያውቋችሁ ጋር ስትገቡ ማይኩ ቁልፍ ሲጫኑ ብቻ እንዲከፈት አድርጉት፤ ያኔ የእናታችሁ ጥሪም ሆነ የጎረቤት ውሻ ጩኸት አያሳፍራችሁም፤ መቼ እንደሚሰማችሁ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።

ከሁሉ የሚከብደው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው። የሕግ ተማሪ ሳለሁ በምስለ ችሎት ጉልበታችን እየተንቀጠቀጠ ስንቆም ያዳነን ድፍረት አልነበረም፤ የመክፈቻዋን ዓረፍተ ነገር አስቀድመን በቃላችን ማጥናታችን ነበር። እዚህም ገና ሲገባ “ሰላም፣ ትሰሙኛላችሁ?” ማለት ይበቃል። ከዚያ በኋላ የሚፈለገው ንግግር ሳይሆን ሪፖርት ነው፦ የት፣ ስንት፣ በምን ሁኔታ። “በስተግራ፣ ሁለት፣ አንዱ ቆስሏል።” ይህ በእንግሊዝኛም ቢሆን ሰዋስው አይጠይቅም። ቡድኑ የሚፈልገው መረጃውን እንጂ አንደበተ ርቱዕነታችሁን አይደለም።

እስካሁን የተናገርኩት ፍርሃቱ መሠረት ለሌለው ሰው ነው። መሠረት ያለው ፍርሃትም መኖሩን መካድ ግን ፍትሐዊ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሞ የወጣ አንድ ጥናት ሄሎ 3 በተባለው ጨዋታ ውስጥ አስቀድሞ የተቀረጸ የወንድና የሴት ድምፅ እያሰማ የሌሎቹን ምላሽ መዝግቦ ነበር። የሴቷ ድምፅ ከወንዱ ሦስት እጥፍ የሚሆን አሉታዊ ምላሽ ደርሶበታል። ስለዚህ አንዲት ልጅ ማይኳን ዘግታ ስትጫወት “ዓይን አፋር ናት” ብለን ብንፈርድባት፣ የተሳዳቢውን ጥፋት በተሰዳቢዋ ላይ ጫንን ማለት ነው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ መፍትሔው ትዕግሥት አይደለም። ተሳዳቢውን ድምፁን መዝጋትና ማመልከት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ኤክስቦክስ ተጫዋቹ የ60 ሰከንድ ቅጂ ይዞ የሚያመለክትበት ዘዴ አለው። የቫሎራንት ባለቤት ሪዮት ጌምስም አቤቱታ ሲቀርብ ለማጣራት ድምፅ ሊቀርጽ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2021 አስታውቋል። እኛም አገር የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008፣ በኮምፒውተር ሥርዓት አማካይነት በሚሰራጭ ጽሑፍም ሆነ ድምፅ ሌላውን ሰው በከባድ ጉዳት ማስፈራራትን በእስራት ያስቀጣል። መናገር ሳያስፈልጋችሁ ለመጫወትም መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ኤፔክስ ሌጀንድስ ተጫዋቹ በአንድ ቁልፍ ቦታውን ሲያመለክት ገጸ ባሕርይው ራሱ እንዲናገርለት አድርጎ የተሠራ ነው። ስምን፣ ትምህርት ቤትንና ስልክ ቁጥርን ለማያውቁት ሰው አለመናገር ደግሞ ጥንቃቄ እንጂ ፍርሃት አይደለም።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ዝም የማለት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ዝምታ ክቡር መብት ነው፤ ሰው ግን መርጦ ሲጠቀምበት ነው መብት የሚባለው። ጠላትን ቀድሞ ያየ ልጅ ይሉኝታ አፉን ስለያዘው ብቻ ዝም ካለ፣ ማንም ሳይከሰው በገዛ ራሱ ላይ ፈርዷል። ይግባኙ ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ አንዲት ቁልፍ ተጭኖ “በስተግራ፣ ሁለት” ማለት ነው።