መጋረጃውና በረኛው

የካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የተነሣው ችግር የብዙውን ምእመን ልብ ባስጨነቀበት ሰሞን፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በአገራችን እንደ ተገደቡ ክቡራን አንባብያን የሚዘነጉት አይደለም። ገደቡም እስከ ሐምሌ ቆየ። በእነዚያ ወራት ቪፒኤን የሚባለው መሣሪያ ስሙን አጥርተው በማይጠሩት ሽማግሎች ስልክ ላይ ሳይቀር ገባ፤ ከባሕር ማዶ ያለ ልጅ የላከውን መልእክት ለማየት የሚሻ ሁሉ ይህንኑ መንገድ ይዞ ነበርና።

ነገር ግን አንዱ በር ሲከፈት ሌላው ሲዘጋ ታየ። ቪፒኤኑን እንደ ከፈቱ ወደ ሌላ ድረ ገጽ የሄዱ ሰዎች መግባት አይፈቀድም ተብለው ተመለሱ፤ ወይም የትራፊክ መብራትና የአውቶቡስ ሥዕል እየለዩ ሰው መሆናቸውን እንዲያስረዱ ታዘዙ። ምን አጠፋን ብለው ቢጠይቁ አይፈረድባቸውም።

ማንኛውም ስልክ ወደ ኢንተርኔት ሲወጣ የአድራሻ ቍጥር ይይዛል። ቪፒኤን ይህን ቍጥር ሸሽጎ የራሱን ያለብሰዋል፤ ስለዚህም እጅግ ብዙ ሰዎች በአንድ ቍጥር ይመላለሳሉ። ከእነርሱ አንዱ አይፈለጌ መልእክት የሚረጭ፣ ወይም የሌላውን ሰው የይለፍ ቃል በግምት የሚሞክር ወንበዴ የሆነ እንደ ሆነ፣ በረኛው ፊቱን ለይቶ አያየውምና ቍጥሩን ይዘጋል። አብሮት የነበረው ንጹሕ ሁሉ ውጭ ይቀራል። ዊኪፔድያ ስንኳ ለማንበብ ለሁሉ ሲፈቅድ፣ ጽሑፉን ለማረም ግን እንዲህ ካለው አድራሻ የሚመጣውን በብዛት ይከለክላል፤ በቂ ምክንያት ላለው የታወቀ አራሚ ብቻ ልዩ ፈቃድ ይሰጣል።

በረኛውን መውቀስ ቀላል ነው። በፈቃደኞች ድካም የቆመ ገጽ በአንድ ሌሊት በማስታወቂያና በስድብ ሲሞላ፣ ጠዋት ተነሥቶ የሚያጸዳው ሰው ከመዝጋት በቀር ምን ያድርግ? ሆኖም ቈጠራው ራሱ ሊያሳስት ይችላል። ብዙ ድረ ገጾችን የሚጠብቀው ክላውድፍሌር የተባለው ኩባንያ፣ ማንነትን በሚሸሽገው በቶር መረብ በኩል ከሚመጣለት ጥያቄ 94 በመቶው ተንኰል ያለበት መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2016 ጻፈ። የቶር ሰዎችም የቈጠራውን መንገድ ተቃወሙ። እኛ እንደሚመስለን የክርክሩ ቍልፍ ሌላ ነው። የወንበዴው ኮምፒውተር በደቂቃ ሺህ ጊዜ ያንኳኳል፤ ጋዜጣ ሊያነብ የመጣው ሰው አንድ ጊዜ ብቻ። ከመቶ ማንኳኳት 94ቱ የክፉዎች ቢሆን እንኳ፣ ከመቶ ሰው 94ቱ ክፉ ነው ማለት አይደለም።

(በነፃ ስለሚታደለው ቪፒኤን ግን ወላጆች አንድ ነገር ቢያውቁ መልካም ነው፤ መጋረጃውን የሰጠው ሰው ራሱ ከመጋረጃው ውስጥ ቆሞ የት የት እንደሚሄዱ ለማየት ይችላል።)

ሳይታወቁ መታመን ይቻላልን? ዴቪድ ቻውም የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒውተር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1982 ለዚህ መንገድ አሳይቶ ነበር። ነገሩን በካርቦን ወረቀት መስሎ ማስረዳት ይቻላል። ባለጉዳዩ ወረቀቱን፣ ውስጡ ካርቦን በተለበጠ ፖስታ አሽጎ ለሹሙ ይሰጣል፤ ሹሙ በፖስታው ላይ ሲፈርም ፊርማው አልፎ በውስጡ ባለው ወረቀት ላይ ያርፋል። ኋላ ባለጉዳዩ ወረቀቱን አውጥቶ ቢያሳይ ፊርማው የሹሙ መሆኑ ይታወቃል፤ ሹሙ ግን ያ ወረቀት የማን እንደ ነበረ ለይቶ አያውቅም። ያው ክላውድፍሌር እ.ኤ.አ. በ2017 ከዚህ ሐሳብ ጋር የሚዛመደውን ፕራይቬሲ ፓስ የተባለውን አሠራር መጠቀም ጀመረ፤ በ2024ም ዓለም አቀፍ የኢንተርኔት ደንብ ሆኖ ታተመ። ሰው መሆኑን አንድ ጊዜ ያስረዳ እንግዳ፣ የተፈረመበትን ወረቀት እየሰጠ ስሙንም አድራሻውንም ሳይገልጥ ያልፋል። ወንበዴውም ወረቀት መሰብሰብ አያቅተው ይሆናል፤ ስለዚህ ለአንዱ የሚታደለው በልክ ነው።

ይህን ወረቀት የማይቀበሉ በሮች ግን ዛሬም ብዙ ናቸው። ያለ ጥፋቱ የተመለሰ ሰው እስከዚያው ለገጹ ጠባቂ ጽፎ ሊያመለክት ይችላል፤ የዊኪፔድያውም ልዩ ፈቃድ የሚሰጠው ጽፎ ለጠየቀ ነው።